የጣሳ ወተት ታሪክና የሩንዳ አራሶቻችን

ወገኖቼ፣ ረዘም ያለ ጽሑፍ ስለሆነ ሻይ ይዛችሁ አንብቡት። በዚህ ወር ብቻ ሦስት እህቶች በውስጥ መስመር አንድ ዓይነት ጥያቄ ልከውልኛል፦ «ወደ ሥራ ልመለስ ነው፤ ልጁን ጣሳ ወተት ላስለምደው ወይ?» እኔ የሁለተኛ ደረጃ የታሪክ መምህር እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ጥያቄው ግን ታሪክ አለው። ታሪኩን ካላወቅን ጣሳው የሠለጠነ ሰው ምግብ ሆኖ ይታየናል። (ዓመተ ምሕረቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ከአገር ቤት ልጀምር። እናቶቻችንን ስለ ማጥባት ቁጭ አድርጎ ያስተማራቸው የለም፤ ገንፎውን የሚያገነፋ፣ አጥሚቱን የሚያቀርብ፣ ልጁን ተቀብሎ የሚያስተኛ ሰው ግን ነበራቸው። ቤቱ ከቻለ አራሷ እስከ ክርስትናው፣ ለወንድ 40 ለሴት 80 ቀን፣ ከባድ ሥራ አትነካም። ልማዱ ሁሉ ደግ ነበር ማለቴ አይደለም። በብዙ ቦታ አዲስ የተወለደውን ልጅ ቅቤ ያልሱታል፤ ቢጫውን እንገር ደግሞ «ሆድ ያሳምማል» ብለው አልበው ይደፉታል። ሕፃኑን ከበሽታ የሚጠብቀው ነገር እጅግ የበዛው በዚያ በሚደፋው ውስጥ ነበር። እዚህ ናይሮቢም ይህንኑ በስልክ የሚመክሩ አክስቶች አሉን፤ እናከብራቸዋለን፣ እንገሩን ግን አንደፋም።

አሁን ወደ ጣሳው። በ1939 ሲሲሊ ዊሊያምስ የተባለች ሐኪም ሲንጋፖር ውስጥ «ወተትና ግድያ» በሚል ርዕስ ንግግር አደረገች። የጣፈጠ የጣሳ ወተት ለሕፃናት መሸጡን ግድያ ብላ የጠራችው ነጋዴዎች በተሰበሰቡበት ክበብ ፊት ቆማ ነው! ሰሚ አላገኘችም። ከጦርነቱ በኋላም ኩባንያዎቹ የነርስ ልብስ የለበሱ ሻጮችን በአፍሪካና በእስያ ማዋለጃዎች አሰማሩ። አሠራሩ ቀላል ነው። እናቲቱ ነፃ ናሙና ይሰጣታል፤ ልጁ ጣሳውን ሲጠባ ጡቱ አይጠባም፤ ያልተጠባ ጡት ደግሞ ወተቱ ይቀንሳል። ናሙናው ሲያልቅ ጡቷም ደርቋል፤ ከዚያ በኋላ መግዛት ግዴታ ይሆናል። ገንዘብ ያጠራት እናት ዱቄቱን ታሳንሳለች፣ ውኃውም ንጹሕ አይደለም።

በ1974 እንግሊዝ አገር «ሕፃን ገዳዩ» የሚል ትንሽ መጽሐፍ ይህን አጋለጠ። በስዊዘርላንድ ጽሑፉን «ኔስሌ ሕፃናትን ይገድላል» በሚል ርዕስ ያሳተሙ ወጣቶች በስም ማጥፋት ተከሰው እያንዳንዳቸው 300 ፍራንክ ተቀጡ። በ1977 አሜሪካ ውስጥ በኩባንያው ላይ የአንገዛም አድማ ተጀመረ። በ1981 የዓለም ጤና ጉባኤ የጣሳ ወተትን ሽያጭና ማስታወቂያ የሚገድብ ደንብ በ118 ድምፅ ድጋፍ አጸደቀ፤ የተቃወመች አንዲት አገር ብቻ፣ እርሷም አሜሪካ ነበረች።

ኬንያ ደንቡን ሕግ ለማድረግ እስከ 2012 ቆየች። ያም ሆኖ የእናቶቿ ለውጥ ይገርመኛል፦ ከ6 ወር በታች ካሉ ሕፃናት ጡት ብቻ የሚጠቡት በ2003 ከመቶ 13 ነበሩ፣ በ2014 ግን 61 ደረሱ። እኛ «ድሮም የምናውቀው ነው» የምንለው ኢትዮጵያውያን በ2016 ገና 58 ላይ ነበርን። ብዙዎቻችን ልጆቻችንን የወለድንበት የፑምዋኒ ማዋለጃ ሆስፒታልም በ2019 የኬንያን የመጀመሪያ የእናት ወተት ባንክ ከፈተ። እናቶች የለገሱት ወተት በ62.5 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ ይሞቅና ያለጊዜያቸው ለተወለዱና እናት ለሌላቸው ሕፃናት ይሰጣል። በአገራችን «የጡት ልጅ» የሚባል ዝምድና ስለነበር ነገሩ ለጆሯችን እንግዳ ሊሆን አይገባም።

ወደ ሩንዳ ልምጣ። ቤቶቹ የአምባሳደሮችና የዩኤን ሠራተኞች ናቸው፤ የእኛ እህቶች ወይ በሠራተኛ ክፍል ያድራሉ ወይ ከጊቶጎሮ በእግር ይመጣሉ። የኬንያ የሥራ ሕግ ሦስት ወር ከሙሉ ደመወዝ ጋር የወሊድ ፈቃድ ይሰጣል። የ2017ቱ የጤና ሕግም ቀጣሪ ማጥቢያ ቦታ እንዲያዘጋጅና የማጥቢያ ዕረፍት እንዲሰጥ ያዛል። ወረቀት ያልጨረሰች ስደተኛ ግን በሰው ወጥ ቤት ቆማ ሕግ ለመጥቀስ ድፍረቱን ከየት ታመጣለች? ባለፈው ዓመት ጊቶጎሮ ውስጥ አንዲት እናት የሳምንቱን ጣሳ ለሦስት ሳምንት ስታብቃቃ አይቻለሁ። ልጁ ክሊኒክ ሲመዘን ኪሎው ወርዶ ነበር። ዊሊያምስ በ1939 የተናገረችው ይህንኑ ነው።

«ፓምፕ ከየት አመጣለሁ?» ላላችሁኝ፦ ፓምፕ ራሱ ቅርብ ጊዜ የመጣ ነገር ነው። ከቀደምት ሠሪዎቹ አንዱ ኤድዋርድ ላስከር የሚባል የታወቀ የቼዝ ተጫዋች መሐንዲስ መሆኑን ሳነብ ስቄአለሁ። ዛሬ ለምናየው የኤሌክትሪክ ፓምፕ መሠረት የጣለው ደግሞ ኤይናር ኤግኔል የተባለ ስዊድናዊ መሐንዲስ ነው፤ በ1950ዎቹ። ከፓምፕ ሁሉ በፊት የነበረው እጅ ነው፤ እጅ ዛሬም ይሠራል። እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ አውራ ጣትና ሌባ ጣት ከጡቱ ጫፍ ትንሽ ራቅ አድርጋችሁ ወደ ደረት ገፋ፣ ከዚያ ጨመቅ አድርጉ። ጫፉን አትጎትቱ። ሲጀመር ጠብታ ብቻ ቢወጣ አትደንግጡ። ከሥራ ልጅ በሚጠባበት ሰዓት፣ በየሦስት ሰዓቱ ገደማ እለቡ፤ የማይታለብ ጡት ይደርቃል። ማታ ቤት ስትገቡ ደግሞ ልጁ እንደልቡ ይጥባ።

የታለበውን በፈላ ውኃ በተቀቀለ ክዳን ባለው ዕቃ አድርጉት። ከፍሪጅ ውጭ 4 ሰዓት፣ ፍሪጅ ውስጥ 4 ቀን ይቆያል፤ በሩ ላይ ሳይሆን ወደ ኋላ አስገቡት። ሲፈለግ ዕቃውን ሙቅ ውኃ ውስጥ አቁሞ ማሞቅ ነው፤ ማይክሮዌቭ አይሆንም። ልጁን የሚይዘው ሰው ከጡጦ ይልቅ በንጹሕ ሲኒ ያጠጣው፤ ሲኒ ለማጠብ ይቀላል። ልጅን ወደ ኋላ አንጋሎ አፉ ውስጥ ማፍሰስ ግን አይፈቀድም፤ ቀና ብሎ ይቀመጥ፣ ሲኒው ከንፈሩን ይንካና ራሱ ይላሰው።

ጡት ቀልቶ ካበጠና ትኩሳት ካለ፣ ወይም ልጁ ሽንቱ ከቀነሰ ክሊኒክ ሂዱ። ጣሳ በሐኪም የታዘዘላችሁ እናቶችም አላችሁ፤ እናንተን የሚወቅስ ሰው ካለ ለእኔ ላኩልኝ። በጣሳው ላይ የተጻፈውን ልክ ብቻ አታሳንሱ። እንግሊዝኛው ካስቸገራችሁ ፎቶ አንስታችሁ በውስጥ መስመር ላኩልኝ፣ ተርጉሜ እመልሳለሁ።