ሳላሚስና አዙሌ፤ ያለ ንጉሥ የተባበሩ ሕዝቦች ሁለት ጦርነቶች

ስለ አርሲ ታሪክ በተነሣ ቁጥር አንድ ፍርድ ተደጋግሞ ይሰማል። ይኸውም የአርሲ ኦሮሞ በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ በሸዋ ጦር የተሸነፈው አንድ መሪ ስላልነበረውና ጎሣዎቹ ስላልተባበሩ ነው የሚል ነው። እኛ በዚህ አጭር ጽሑፍ ይህን ፍርድ ለመመርመር አስበናል። ለመመርመርም እንዲመቸን፣ ሁላችንም በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማርነውን የግሪክ ከተሞች በፋርስ ንጉሥ ላይ ያደረጉትን ኅብረት እንደ መለኪያ ወስደነዋል። የምናቀርበው ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው፤ አርሲዎች አምስት ዓመት ያህል ጸንተው የቆሙት ስለ ተባበሩ ነው፤ የወደቁትም ኅብረት ስላጡ ሳይሆን ኅብረታቸውን የሚያስታጥቁበት መንገድና ገበያ ስላልነበራቸው ነው።

ከልደተ ክርስቶስ በፊት በ480 ዓመት የፋርስ ንጉሥ ክሴርክሲስ በምድርና በባሕር ታላቅ ሠራዊት ይዞ በዘመተ ጊዜ ግሪክ የሚባል አንድ መንግሥት አልነበረም። የነበሩት እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ሕግ፣ የየራሳቸው ሸንጎና የየራሳቸው ቂም ያላቸው ከተሞች ነበሩ። አቴናና ኤጊና ገና ከጥቂት ዓመታት በፊት እርስ በርሳቸው ይዋጉ ነበር። ከዘመቻው አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የከተሞቹ መልእክተኞች ተሰብስበው ጠባቸውን ለመተውና በአንድነት ለመዋጋት ተማማሉ። ዳሩ ግን ሁሉም አልመጡም፤ አርጎስ ከዳር ቆመች፣ ቴባይም ለፋርስ አደረች። ከድሉ በኋላ በዴልፊ በቆመው የነሐስ ዓምድ ላይ የተቀረጹት የከተሞችና የሕዝቦች ስሞች 31 ብቻ ናቸው። እንግዲህ ግሪክ ተባበረች ስንል፣ ከብዙ መቶ ከተሞች መካከል ጥቂቶቹ ተባበሩ ማለታችን መሆኑን መዘንጋት አይገባም።

የዚህ ኅብረት አዛዥነትም ቀላል ነገር አልነበረም። ሄሮዶቱስ እንደሚነግረን በሳላሚስ ከተሰበሰቡት ከ370 በላይ መርከቦች 180ዎቹ የአቴና ነበሩ። ሌሎቹ ከተሞች ግን በአቴና ሰው መታዘዝን እንቢ ስላሉ የባሕሩ ጦር ጠቅላይ አዛዥ የስፓርታው ኤውሪብያዲስ ሆነ። የአቴናው አዛዥ ቴሚስቶክሊስ ይህን ስም ለሌላ መተዉን እንደ ውርደት አልቈጠረውም፤ ሥራውን ያዘ እንጂ። አቴና ተቃጥላ፣ ብዙዎቹ አለቆች ወደ ቆሮንቶስ ልሳነ ምድር ሸሽተን እንዋጋ በሚሉበት ሰዓት፣ በጠባቡ ባሕር ካልተዋጋን መርከቦቻችንን ይዘን ወደ ኢጣሊያ እንሄዳለን ብሎ አስፈራራቸው። ይህም ባልበቃ ጊዜ ሲኪኖስ የሚባለውን አገልጋዩን በሌሊት ወደ ፋርሶች ልኮ፣ ግሪኮች ሊሸሹ ነውና መንገዱን ዝጉባቸው አሰኘ። ፋርሶችም አምነው መውጫውን ዘጉ። ሊበተን የነበረው ኅብረት በዚህ ብልሃት ሳይወድ በግድ ተዋጋ፤ አሸነፈም።

ይህን ታሪክ የሚያነቡ ብዙዎች የቴሚስቶክሊስን ብልሃት ብቻ ያደንቃሉ። እኛ ግን ከብልሃቱ በፊት የነበረውን ነገር ማየት ይገባል እንላለን። ከዘመቻው ሦስት ዓመት ያህል ቀደም ብሎ በላውርዮን በሚገኘው የአቴና የብር ማዕድን ብዙ ብር ወጣ። ሕዝቡ ብሩን ለየራሱ ሊከፋፈለው ፈልጎ ሳለ ቴሚስቶክሊስ መርከብ ይሠራበት ብሎ አሳመነ። አቴና በባሕር ዳር ያለች፣ እንጨትና ዕቃ ከሩቅ የምታስመጣ ከተማ ስለ ነበረች ብሩን ወደ መርከብ ለመለወጥ አልተቸገረችም። በሳላሚስ የተዋጋው እንግዲህ ባዶ ኅብረት ሳይሆን አስቀድሞ የታጠቀ ኅብረት ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ከኦጎልቾ ሆኖ ለሚመለከት ሰው የአርሲ ጦርነት የተደረገበት ምድር መልክ ግልጽ ነው። በስተ ምዕራብ የዝዋይ ሐይቅ ይገኛል፤ በስተ ሰሜን ቆላው ሜዳ እስከ አዋሽ ወንዝ ይዘረጋል፤ በስተ ደቡብ ምሥራቅ ደግሞ ምድሩ ወደ አሰላና ወደ ጭላሎ ተራራ ከፍ እያለ ይሄዳል። ከሸዋ የሚመጣ ጦር አዋሽን ተሻግሮ በዚህ ቆላ ካላለፈ ወደ ደጋው ሊወጣ አይችልም ነበር። ስለዚህ አዋሽና ቆላው ለአርሲዎች እንደ በር፣ ደጋው ደግሞ እንደ አምባ ሆኖ ያገለግላቸው ነበር።

የአርሲ ሕዝብ ሲኮና መንዶ በሚባሉ ሁለት ታላላቅ ወገኖች ይከፈላል፤ እነዚህም እንደ ገና በብዙ ጎሣዎች ይከፋፈላሉ። በላያቸው የተቀመጠ ንጉሥ አልነበረም። ሥልጣን በገዳ ሥርዓት በየስምንት ዓመቱ ከአንዱ ቡድን ወደ ሌላው ይተላለፋል፤ የጋራ ጉዳይ ሲነሣም ሽማግሌዎች በጨፌ ተሰብስበው ይመክራሉ። ይህን ያየ ሰው የግሪክ ከተሞችን ሸንጎዎች ቢያስታውስ አይፈረድበትም። ሁለቱም ሕዝቦች አንድ ቋንቋ፣ አንድ እምነትና አንድ ወግ እያላቸው፣ ማንም ማንንም በግድ የማያዝባቸው ሕዝቦች ነበሩ።

የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ በአርሲ ላይ ከፍተኛውን ዘመቻ የጀመሩት ከ1874 ዓ.ም. ገደማ አንሥቶ ነው። በዚያው ዓመት በእምባቦ የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ድል አድርገው የደቡቡን አገር በር ከፍተው ነበር። በአርሲ ግን ነገሩ እንደ እምባቦ በአንድ ቀን ጦርነት አላለቀም። ንጉሡ ራሳቸው የዘመቱበት ጊዜ ነበረ፤ ከዚያም የዘመቻው ኃላፊነት በአጎታቸው በራስ ዳርጌ ሣህለ ሥላሴ ላይ ወደቀ። አርሲዎች በጦርና በጋሻ፣ በፈረስም ሆነው፣ ዱሩንና ገደሉን ጨለማውንም ተገን እያደረጉ ተከላከሉ። ጦሩ ሲመጣ ከብታቸውን ወደ ደጋ እያሸሹ፣ ሲመለስም እየተከተሉ ይወጉት ነበር። ጎሣዎቹን አስተባብረው ካዋጉት መካከል በአፍ ታሪክ ስማቸው ከሁሉ በላይ የሚነሣው ሌንጂሶ ዲጋ ናቸው። እርሳቸውም እንደ ቴሚስቶክሊስ በዘውድ ሳይሆን በተሰሚነት የሚያዝዙ ሰው ነበሩ።

የመጨረሻው ታላቅ ጦርነት አዙሌ በተባለው ስፍራ በጳጉሜ 1878 ዓ.ም. ተደረገ። በዚያች ቀን የሞተውን ሰው ቍጥር እስከ 12,000 የሚያደርሱ ጸሐፊዎች አሉ። ቍጥሩ ያከራክር ይሆናል እንጂ ሽንፈቱ ከባድ እንደ ነበረ የሚክድ የለም። ከዚህ በኋላ የአርሲ አገር በራስ ዳርጌ ግዛት ሥር ሆነ፤ ምድሩም ለዘማቾች ተከፋፈለ። በአኖሌ ተፈጸመ ተብሎ በአፍ ታሪክ የሚነገረው የእጅና የጡት መቍረጥም ከዚህ ዘመን ጋር የተያያዘ ነው፤ በ2006 ዓ.ም. በስፍራው የመታሰቢያ ሐውልት ቆሞለታል፤ ክርክሩም እስከ ዛሬ አልበረደም።

አሁን ወደ ተነሣንበት ጥያቄ እንምጣ። አርሲዎች የተሸነፉት ንጉሥ ስላልነበራቸው ነውን? ይህን ለመመለስ በዚያው ዘመን ንጉሥ የነበራቸውን ጎረቤቶቻቸውን መመልከት ይበቃል። የጅማው ንጉሥ አባ ጅፋር ዳግማዊ የምኒልክን ኃይል አይተው ያለ ጦርነት ገበሩ፤ አገራቸውንም ከጥፋት አዳኑ። የወላይታው ካዎ ጦና ደግሞ ለመዋጋት ቈረጡ፤ ነገር ግን በ1887 ዓ.ም. በተደረገው ዘመቻ በአንድ ወቅት ውስጥ ተሸንፈው ተማረኩ። ንጉሥ መኖሩ አንዱን በሰላም እንዲገብር አስቻለው፤ ሌላውን ግን ከሽንፈት አላዳነውም። ንጉሥ ያልነበራቸው አርሲዎች ግን አምስት ዓመት ያህል ተዋጉ። እንዲያውም አንድ ንጉሥ አለመኖሩ ራሱ ጦርነቱን አስረዝሞት ሊሆን ይችላል፤ አንዱ ጎሣ ቢሸነፍ ሌላው በዚያ ቃል አይታሰርምና።

እንግዲህ ልዩነቱ የት ነው? በእኛ አስተያየት ልዩነቱ ያለው በላውርዮን ብር ላይ ነው። በዚያ ዘመን ጠበንጃ ወደ ኢትዮጵያ የሚገባው ከታጁራ፣ ከኦቦክና ከአሰብ ተነሥቶ የአፋርን በረሃ አቋርጦ ወደ ሸዋ በሚወስደው የሲራራ መንገድ ነበር። የመንገዱን ጫፍ የያዙት ንጉሥ ምኒልክ ናቸው። የዝሆን ጥርስ፣ ወርቅና ዝባድ እየላኩ፣ ከፈረንሳዮችና ከኢጣሊያኖች ነጋዴዎችና መልእክተኞች ጋር እየተዋዋሉ መሣሪያ ያስመጡ ነበር። አርሲዎች ከብትና ፈረስ ነበራቸው፤ ዳሩ ግን ከብታቸውን ወደ ጠበንጃ የሚለውጡበት ወደብም ሆነ ነጋዴ አልነበራቸውም። ያላቸውም ከብት ቢሆን በየዘመቻው እየተነዳ ይወሰድባቸው ነበር። አቴና ሦስት ዓመት ቀድማ ለጦርነቱ ስትዘጋጅ፣ አርሲዎች ግን በጦርነቱ ሳሉ ሀብታቸው በየዓመቱ እየቀነሰ ሄደ። ስለዚህ በሳላሚስና በአዙሌ መካከል ያለው ልዩነት የመተባበርና ያለመተባበር ልዩነት ሳይሆን፣ የታጠቀ ኅብረትና ያልታጠቀ ኅብረት ልዩነት ነው።

ለዚህ ሐሳባችን ዋናው ምስክር ዐድዋ ነው። ከአዙሌ በኋላ አሥር ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ በየካቲት 1888 ዓ.ም.፣ በአርሲ ወራሪ የነበረው ኃይል በተራው ወራሪ መጣበት። ዐፄ ምኒልክ በእምባቦ የወጉአቸውን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን፣ የወሎውን ራስ ሚካኤልን፣ የትግራዩን ራስ መንገሻንና ራስ አሉላን፣ የሐረሩን ራስ መኰንንን በአንድ ሰፈር አሰለፉ። ይህ አቴናና ኤጊና ጠባቸውን ትተው በአንድ ባሕር መሰለፋቸውን ይመስላል። ኅብረቱ ግን ብቻውን አልነበረም፤ በየዓመቱ በበረሃው መንገድ የገባው ጠበንጃና መድፍ አብሮት ነበረ። ዐድዋ ላይ የተገኘው ነገር አዙሌ ላይ የጎደለው ነው።

ለምን እንግዲህ የአርሲዎቹ ኅብረት ተረሳ? ምክንያቱ የጽሑፍ ጉዳይ ይመስለናል። የግሪኮችን ጦርነት የጻፈው ሄሮዶቱስ፣ ከድሉ በኋላ ብዙ ዓመት ሳይቈይ ያየውን እያየ፣ የሰማውን ከሽማግሌ አፍ እየጠየቀ ሰበሰበ። እርሱ የተወለደባት ሃሊካርናሶስ በፋርስ ግዛት ሥር የነበረች፣ መርከቦቿም በሳላሚስ ከክሴርክሲስ ጎን የተሰለፉ ከተማ ናት፤ ይህ ግን የሁለቱንም ወገን ነገር ከመጠየቅ አላገደውም። የአርሲን ጦርነት በጊዜው በአማርኛ ጽፎ ያስቀረልን ግን የአሸናፊው ወገን ብቻ ነው። የጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ታሪክ ትልቅ ዋጋ ያለው መጽሐፍ ነው፤ ነገር ግን የንጉሥ ታሪክ ጸሐፊ ዘመቻውን ከንጉሡ ድንኳን ሆኖ ያያል። የጨፌው ምክር፣ ሲኮና መንዶ የተስማሙበት ቃል፣ ሌንጂሶ ዲጋ የተናገሩት፣ ይህ ሁሉ በሌላው ወገን አፍ ላይ ቀረ።

በተሸነፈ ሕዝብ ላይ አልተባበረም ብሎ መፍረድ ቀላል ነው፤ መልስ የሚሰጥ መጽሐፍ አይነሣበትምና። እኛ የምንለው አርሲዎች ያለ ጥፋት ነበሩ ወይም ሸዋዎች ያለ ምክንያት ዘመቱ ማለት አይደለም። የምንለው ፍርዱ በምርመራ ላይ ይቁም ነው። ጦርነቱን በዐይናቸው ያዩት ሁሉ ዛሬ አልፈዋል፤ ከአባቶቻቸውና ከአያቶቻቸው የሰሙት ግን በኦጎልቾና በዶዶታ፣ በሄጦሳና በጢዮ ገና ይገኛሉ፤ የጀግኖቹ ስም የሚነሣበት ገራርሳም ገና ይዘፈናል። ቋንቋውን የምናውቅ፣ ቀዬውም ቀዬአችን የሆነ ተማሪዎች በዕረፍት ወራታችን ደብተር ይዘን ብንሄድ የሁለተኛውን ወገን ቃል ከአሸናፊው መጽሐፍ ጎን ማስቀመጥ እንችላለን። ከዚያ በኋላ የሚሰጠው ፍርድ እኛ ካቀረብነው የተለየ ቢሆን እንኳ የሁለቱን ወገን ቃል ሰምቶ የተሰጠ ፍርድ ይሆናል።