ከግድብ በፊት የሚወጣ ገንዘብ

ከሮቤና ከጎባ በስተ ምዕራብ የሚገኘው የመልካ ዋከና ግድብ የዋቤ ሸበሌን ውኃ ይዞ 153 ሜጋዋት እንዲሰጥ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1988 ሥራ ጀመረ። ነገር ግን ፈረንሳውያን ባለሙያዎች የተካፈሉበት የተፋሰሱ ጥናት ከዚያ 15 ዓመት ቀድሞ በ1973 ተጽፎ ነበር። ዝናብና ወንዝ ለክቶ የሚመዘግብ ሠራተኛ አምፑል አያበራም፤ ዳሩ ግን ያለ እርሱ መዝገብ ግድብ የሚሠራው በግምት ነው።

የጥናት ፍሬ ዘግይቶ ስለሚታይ ቍጥጥሩ ይከብዳል። በስምጥ ሸለቆ የእንፋሎት ኃይል ፍለጋ በ1969 ተጀምሮ፥ በአሉቶ ላንጋኖ 7.3 ሜጋዋት ያለው የሙከራ ጣቢያ ሥራ የጀመረው በ1998 ነው፤ እርሱም ብዙ ሳይቆይ ተስተጓጎለ።

ስለዚህ በጀት የምትመድቡና ሒሳብ የምትመረምሩ ሁሉ፥ ከደረሰኙ ጋር የመዝገቡን መቀጠልና የባለሙያውን መቆየት ጠይቁ። ደረሰኙ ተሟልቶ ዕውቀቱ ከባከነ፥ የሕዝብ ገንዘብ ጠፍቷል።