በሞገድ ላይ የመርጋት ጥበብ

በሜዲትራኒያን ባሕር ዳርቻ በሚገኙት በአንቲብና በሞናኮ ወደቦች፣ ርዝመታቸው ሃምሳና ስድሳ ሜትር የሆነ፣ ከዚያም የሚበልጥ ታላላቅ የሽርሽር መርከቦች ጎን ለጎን ቆመው ይታያሉ። ተመልካች የሚያደንቀው የቅርጻቸውን ውበትና የሞተራቸውን ጉልበት ነው። ይሁን እንጂ የመርከብ ሙያ የሚፈተነው በወደብ ውስጥ ሳይሆን፣ ነፋስ ተነሥቶ ሞገድ ጎኗን በሚመታበት ሰዓት ነው። ያን ጊዜ ሳትንገላታ የምትጓዝ መርከብ እርጋታዋን ያገኘችው ከግዝፈቷ ብቻ አይደለም፤ ከ160 ዓመት በላይ ከዘለቀ የምህንድስና ምርምር ጭምር ነው።

የዚህ ምርምር አባት እንግሊዛዊው መሐንዲስ ዊልያም ፍሩድ (1810–1879 እ.ኤ.አ.) ነው። ፍሩድ አስቀድሞ በምድር ባቡር ሥራ ላይ በኢሳምባርድ ብሩኔል ሥር አገልግሎ ነበር። ብሩኔል «ግሬት ኢስተርን» የተባለችውን ግዙፍ መርከብ በሚያሠራበት ወቅት፣ መርከብ በሞገድ ላይ ግራና ቀኝ የምትወዛወዝበትን ምክንያት እንዲያጠና ፍሩድን ጠየቀው። የጥናቱም ውጤት እ.ኤ.አ. በ1861፣ ከአንድ ዓመት በፊት በለንደን ለተቋቋመው የመርከብ ነዳፊ መሐንዲሶች ማኅበር ቀረበ።

ወገቧ የሰፋና ክብደቷ ወደ ታች የወረደ መርከብ በሞገድም ላይ ጸንታ ትቆማለች ብሎ ማሰብ ቀላል ነው። ፍሩድ ግን ነገሩ ተቃራኒ መሆኑን አስረዳ። መርከብ ቀጥ ብላ ለመቆም የምትታገለው በአድማስ ልክ ሳይሆን በሞገዱ ተዳፋት ልክ ነው። ስለሆነም በጸጥተኛ ውኃ ላይ እጅግ ግትር የሆነችው መርከብ ሞገዱን በታማኝነት ትከተላለች፤ እርሱ ሲያዘነብል ታዘነብላለች፣ ሲመለስም በድንገት ትመለሳለች። ከሁሉ የከፋው ደግሞ የሞገዱ ምልልስና የመርከቧ የተፈጥሮ መወዛወዣ ጊዜ እኩል ሲሆን ነው። በዥዋዥዌ ላይ ያለ ሕፃን በየምልልሱ ቢገፋ ከፍ ከፍ እንደሚል ሁሉ፣ መናወጡም ከሞገድ ወደ ሞገድ እያደገ ይሄዳል።

ታዲያ ግትርነትን መቀነስ መፍትሔ ይሆናልን? በዚህም በኩል ልክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1870 «ካፕቴን» የተባለችው የእንግሊዝ የጦር መርከብ፣ ጎኗ ከውኃው እምብዛም ከፍ ያላለ በመሆኑ፣ በስፔን ጠረፍ በፊኒስቴር አጠገብ በማዕበል ተገልብጣ ወደ 480 የሚጠጉ ሰዎች አለቁ። ነዳፊዋ ካውፐር ኮልስም ከሟቾቹ አንዱ ነበር። በለስላሳ ሁኔታ መወዛወዝና ከመገልበጥ መዳን ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። ነዳፊው ከመገልበጥ የሚያድነውን አቅም ሳይነካ፣ መወዛወዙን በሌላ ዘዴ መግታት አለበት።

የመጀመሪያው ዘዴ ቀላል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1872 «ግሬይሃውንድ» በተባለች መርከብ ሆድ ግራና ቀኝ ረዣዥም ጠርዞች ተገጥመው፣ ጠርዝ ከሌላት ከ«ፐርሲየስ» ጋር በባሕር ላይ ተፈተነች፤ መወዛወዟም ወደ ግማሽ ያህል ቀነሰ። ጠርዙ ውኃውን እያመሰ የመወዛወዙን ኃይል ይበትነዋል። እ.ኤ.አ. በ1932 ሥራ በጀመረችው «ኮንቴ ዲ ሳቮያ» በተባለችው የኢጣልያ የመንገደኞች መርከብ ላይ እያንዳንዳቸው ከ100 ቶን በላይ የሚመዝኑ ሦስት ጋይሮስኮፖች ተተከሉ፤ ነገር ግን ክብደታቸውና የሚይዙት ቦታ ከባድ ሸክም ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1936 «አይል ኦቭ ሳርክ» በተባለች የእንግሊዝ ቦይ መርከብ ላይ የተገጠሙት ተንቀሳቃሽ ክንፎች የተሻለ መንገድ ከፈቱ። እነዚህ ክንፎች እንደ አውሮፕላን ክንፍ ከሚያልፈው ውኃ ኃይል እየወሰዱ መርከቧን ወደ ቀጥታዋ ይመልሷታል።

የሽርሽር መርከብ ግን ብዙውን ጊዜ መልሕቋን ጥላ ትውላለች፤ ውኃው ካላለፈባቸው ደግሞ ክንፎቹ ጉልበት የላቸውም። ስለዚህ መርከቧ ቆማ ሳለ ራሳቸው ውኃውን የሚቀዝፉ ሰፋፊ ክንፎች ተሠሩ፤ በ21ኛው ክፍለ ዘመን መባቻም ጋይሮስኮፕ አንሶና ፈጥኖ ተመለሰ።

እንግዲህ በማዕበል መካከል የረጋችን መርከብ የሚያደንቅ ሰው፣ ከሚታየው ግርማ ይልቅ ከውኃው በታች ያለውን ሥራ ማድነቅ ይገባዋል። ግትርነት እርጋታ እንዳልሆነ የተረዳ መሐንዲስ ነውና ያንን እርጋታ ያስገኘላት።