ዋስ ያጡት ጡረተኛ፤ ከባሶ ገበያ እስከ ክሬዲት ካርድ

ባለፈው ጥቅምት አጎቴ ደብረ ማርቆስ ወደሚገኝ አንድ ባንክ ሄደው ክሬዲት ካርድ ጠየቁ። ስድሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። ሠላሳ አንዱን ዓመት የኖሩት ዋሽንግተን ዙሪያ ነው፤ መጀመሪያ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ትኬት እየቆረጡ፣ በኋላ ታክሲ እየነዱ። አሁን የአሜሪካ ፓስፖርት፣ የአሜሪካ ጡረታና አንድ ሻንጣ የጉልበት መድኃኒት ይዘው አገራቸው ገብተዋል። ያስተናገደቻቸው ልጅ በትሕትና ቅጽ ሰጠቻቸው፤ ሞሉ፤ ካርዱም በሳምንቱ ደረሰ። ነገር ግን ካርዱ የሚያወጣው በሒሳባቸው ያለውን የራሳቸውን ብር ብቻ ሆኖ አገኙት። ተመልሰው ሄዱ።

«ልጄ፣ ይኼ እኮ የራሴ ገንዘብ ነው። እኔ የጠየቅሁት የናንተን ነው።»

«ጋሼ፣ ብድር ከሆነማ በመያዣ የሚያዝ ቤት ወይም በእኛ በኩል የሚገባ ደመወዝ ያስፈልጋል። ዋስ ካለዎትም ይዘው ይምጡና ኃላፊውን ያነጋግሩ።»

«ዋስ? ሠላሳ አንድ ዓመት አንድ ወር ሳላሳልፍ የከፈልኩ ሰው ዋስ?»

ይህን ሲያጫውቱኝ ሳቅሁ። እሳቸው ግን አልሳቁም። የተሰማቸው ንዴት አልነበረም፤ እፍረት ነበር። በተወለዱበት ከተማ «የማይታመን ሰው» የተባሉ መሰላቸው። እኔም ነገሩን ሳብሰለስል ከረምሁና ይህችን ጽሑፍ ጻፍሁ። ጎጃም ውስጥ ሰው ለሰው የሚያበድረው ምን አይቶ ነበር? ባንክስ ምን አይቶ ነው የሚያበድረው? የአጎቴ የእምነት ታሪክ አትላንቲክን ሲሻገር የት ጠፋ?

ከባሶ እንጀምር። ከደብረ ማርቆስ በስተደቡብ፣ ወደ ዓባይ በረሃ ቁልቁል ሲወረድ የጁቤ አካባቢ የነበረው የባሶ ገበያ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከአገሪቱ ታላላቅ ገበያዎች አንዱ ነበር። ከዓባይ ማዶ ከጉድሩ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ፣ ቡና፣ ያሳዝናል ባሪያም ጭምር ይመጣ ነበር። ከሰሜን ደግሞ አሞሌ ጨውና የማርያ ትሬዛ ጠገራ ብር ይወርዳል። አሞሌው ከአፋር በረሃ ተቆርጦ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ የሚመጣ ስለነበር ከምንጩ በራቀ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል። ጠገራው ደግሞ የኦስትሪያዋ ንግሥት መልክ ያለበት፣ እሷ ከሞተች በኋላም እ.ኤ.አ. 1780 የሚለውን ዓመት እንደያዘ ሲቀጠቀጥ የኖረ ብር ነው። የኛ ነጋዴ ሞኝ አልነበረም። ብሩን ተቀብሎ በንግሥቲቱ ዘውድና ትከሻ ላይ ያሉትን የዕንቁ ነጠብጣቦች ይቆጥራል፤ አንዷ ከጎደለች ወይም ከደበዘዘች «ይኼን ውሰድልኝ» ይላል። ምኒልክ በራሳቸው መልክ ያስቀረጹት ብር እንኳ ማርያ ትሬዛን ከገበያ ሊያስወጣት አልቻለም። ገንዘብ በዓይን ይመረመር ነበር ማለት ነው።

ሰውስ? ሰው የሚመረመረው በዋስ ነው። ለዚህ የጎጃም ርስት ትልቅ ምክንያት ይመስለኛል። በጎጃም ርስት የአንድ ሰው የግል ንብረት ሆኖ ለገበያ የሚቀርብ ነገር አልነበረም። መሬቱ መጀመሪያ ያቀናው አባት ነው ይባላል፤ ከሱ የተወለደ ሁሉ በአባትም በእናትም እየቆጠረ ድርሻውን ይጠይቃል። አሜሪካዊው ተመራማሪ አለን ሆበን በ1950ዎቹ ዓ.ም. ደጋ ዳሞት ተቀምጦ ይህንኑ አጥንቶ መጽሐፍ አውጥቶበታል። እንግዲህ አበዳሪ ብትሆኑ፣ ነገ አርባ ዘመድ «የኔም ድርሻ አለበት» ብሎ የሚነሣበትን መሬት ምን ብላችሁ በመያዣ ትይዛላችሁ? ስለዚህ የሚያዘው ሰው ነው። ተበዳሪው ዋስ ይጠራል፤ ዋሱ የታወቀ፣ ጎጆ ያለው፣ በሸንጎ ቃሉ የሚሰማ ይሆናል። ባለዕዳው አልከፍልም ካለ ከባለገንዘቡ ጋር ኩታ ለኩታ ተቋጥረው «ቁራኛ» ሆነው ዳኛ ፊት የሚሄዱበት ሥርዓት ነበር። ዛሬ «የቀን ቁራኛ» ስንል ቃሉ ከየት እንደመጣ ብዙዎቻችን አናስታውስም።

መንግሥትም ቢሆን ሲበደር ከዚህ አላመለጠም። ከውጫሌ ውል በኋላ በ1882 ዓ.ም. መግቢያ ራስ መኮንን ጣሊያን አገር ሆነው በተፈራረሙት ተጨማሪ ውል ኢትዮጵያ 4 ሚሊዮን ሊሬ ተበደረች። ዋሱ የጣሊያን መንግሥት ነበር፤ መያዣው የሐረር ጉምሩክ ገቢ። ምኒልክ በ1885 ዓ.ም. ውሉን ከማፍረሳቸው በፊት ዕዳውን መክፈላቸውን ልብ በሉ። ዕዳ ተሸክሞ «አልስማማም» ማለት እንደማይቻል ገብቷቸው ነበር። እኔ ይህን ከዓድዋ ዘመቻ እኩል ልንነግረው የሚገባ ብልኃት አድርጌ ነው የማየው። ለማንኛውም ወደ ጎጃም እንመለስ።

የአቢሲኒያ ባንክ በየካቲት 1898 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሲከፈት የግብፅ ብሔራዊ ባንክ ልጅ ነበር፤ የ50 ዓመት መብትም ተሰጥቶታል። ቅርንጫፎቹ ወደ ሐረር፣ ድሬዳዋ፣ ደሴ፣ ጎሬና ጋምቤላ ሄዱ። አቅጣጫውን ተመልከቱ፤ ባቡሩን፣ ቡናውንና የባሮ ወንዝን መርከብ የተከተለ ነው። የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ከተማ፣ ያቺ መንቆረር ትባል የነበረችው ደብረ ማርቆስ በዝርዝሩ ውስጥ የለችም። የጎጃም ሀብት በጠገራ እየተቆጠረ፣ ባለቤቱ ቤት ውስጥ በጋንና በሣጥን ኖረ። የወረቀቱ ብር በሐምሌ 1937 ዓ.ም. ሲወጣ እንኳ ገበሬው ለረጅም ጊዜ በጥርጣሬ ነው ያየው።

ጥርጣሬው ከገንዘብም አለፈ። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር ሲታወጅ ጎጃም አመፀ። ግብሩ ብቻ አልነበረም ጉዳዩ። ገበሬው የፈራው መሬቱ ተለክቶ፣ በስሙ ተጽፎ፣ በመጨረሻ ርስቱ እንዳይፈርስ ነበር። ንጉሡም ወደኋላ አሉ። ገበሬው ትክክል ነበር አልነበረም የሚለው ክርክር አሁንም ያልበረደ ነው። እኔ ግን አንድ ነገር አያለሁ፦ ባንክ የሚያበድረው ለተለካ ነገር ነው። ያልተለካውንና ያልተጻፈውን አያውቀውም። ሰባት ዓመት ሳይሞላ ደርግ መጣና በአዋጅ 31/1967 የገጠር መሬትን የሕዝብ አደረገው። ሳይለካም ሳይሸጥም መያዣነቱ በአንድ ቀን አበቃ። ባንኮቹም በዚያው ዓመት ተወረሱ።

ከዚያ ወዲህ በጎጃም ገጠር ያበደረው ማን ነው? እቁቡ ነው፤ አራጣ አበዳሪው ነው፤ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ አብቁተ ነው። የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ ዛሬ ፀደይ ባንክ የሆነው ማለት ነው። አብቁተ ምን አደረገ? ገበሬዎችን በቡድን አደራጅቶ አንዱ ላንዱ ዋስ ይሁን አለ። አንዱ ካልከፈለ ሌላው አይበደርም። የባሶው ዋስ ቅጽ ለብሶ ተመለሰ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ከአንቀጽ 1920 ጀምሮ ለዋስትና ሰፊ ቦታ የሰጠው በከንቱ አይደለም።

አሁን ወደ አጎቴ አሜሪካ እንሻገር። እዚያም እኮ ድሮ ዱቤ በሰፈር ሱቅ ደብተር ነበር። ዳይነርስ ክለብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1950 ነው። በ1958 ባንክ ኦፍ አሜሪካ ፍሬዝኖ በምትባል የካሊፎርኒያ ከተማ ወደ 60 ሺህ ካርድ ሰው ሳይጠይቅ በፖስታ ቤት ለቤት ላከ። ያ ካርድ ነው በ1976 ቪዛ የተባለው። ሳይጠየቅ የተሰጠው ካርድ ብዙ ያልተከፈለ ዕዳና ማጭበርበር አመጣ። መፍትሔው እያንዳንዱን ሰው በቁጥር መመዘን ሆነ። በ1989 የወጣው የፋይኮ ነጥብ ዋሱን በሦስት አኃዝ ቁጥር ተካው። አጎቴ በዚያ ሚዛን ትልቅ ሰው ነበሩ። መኪና የገዙት፣ ልጆች ያስተማሩት፣ በችግር ቀን አውሮፕላን የቆረጡት በዚያ ቁጥር ነው።

ችግሩ ቁጥሩ ፓስፖርት የለውም። የአሜሪካ የብድር መረጃ ድርጅቶች መዝገብ ከአገሩ አይወጣም፤ የኛ ብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ ማዕከልም የሚያውቀው እዚህ የተበደረውን ነው። በዚህ ላይ ከ2001ዱ ጥቃት በኋላ በወጣው የአሜሪካ ሕግ ባንክ የደንበኛውን የመኖሪያ አድራሻ መያዝ አለበት። አጎቴ «አድራሻዎ?» ሲባሉ የሴት ልጃቸውን ቤት ይሰጣሉ። ካርዱ ሲያበቃ አዲሱ እዚያ ይሄዳል። ደብረ ማርቆስ ሆነው ሊገቡ ሲሞክሩ ማረጋገጫ ቁጥሩ ወደ ተዘጋ የአሜሪካ ስልክ ይላካል። ጡረታቸው ግን በየወሩ ሳይዛነፍ ይገባል። ገንዘቡ አለ፤ ሰውየው ናቸው የጠፉት።

እዚህስ ምንድን ናቸው? በአዋጅ 378/1996 መሠረት የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ኢትዮጵያዊነቱ ይቀራል። ግን በአዋጅ 270/1994 ቢጫ ካርድ ይሰጠዋል፤ ያለ ቪዛ ይገባል፣ ያለ ሥራ ፈቃድ ይሠራል። ልጅ አይሉት እንግዳ! የባንኩ ነገር ደግሞ ከዚህም ይብሳል። የ2000 ዓ.ም. የባንክ ሥራ አዋጅ 592 የውጭ ዜጋ የባንክ ባለድርሻ እንዳይሆን ከለከለ። ብዙ ዲያስፖራ ግን አክሲዮን ገዝቶ ነበር። በ2008 እና 2009 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ትውልደ ኢትዮጵያውያኑ ድርሻቸውን እንዲለቁ አዘዘ። ሁለት ሦስት ዓመት አልፎ በአዋጅ 1159/2011 «ኑ፣ ግቡ» ተባሉ። ከዚያ በአዋጅ 1360/2017 በሩ ለውጭ ባንኮችም ተከፈተ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ወዲህ የምንዛሬው ዋጋ በገበያ ሲወሰን ዶላር ይዞ ለሚመጣ ጡረተኛ በብር የሚያገኘው በዛ። በዚህ ሁሉ ግርግር ግን አንዱም አዋጅ አጎቴን የጠየቃቸውን ጥያቄ አልነካውም። ዲያስፖራውን ሁሉም የሚፈልገው አምጪ አድርጎ ነው፤ አስቀማጭ፣ ላኪ፣ ገዢ። ተበዳሪ ሆኖ ቢመጣ የሚያውቀው የለም።

ቴክኖሎጂው አልሮጠም ማለቴ አይደለም። ዳሸን ባንክ በ2010 ዓ.ም. የስልክ ገንዘብ ሲያወጣ ስሙን «አሞሌ» አለው፤ ያ የባሶ ጨው! ቴሌብር በግንቦት 2013 ተጀመረ። በቀጣዩ ዓመት ነሐሴ ላይ «መላ» የሚባለው ብድር ተከተለ፤ ያለ ቤት፣ ያለ ዋስ፣ የስልክ እንቅስቃሴ አይቶ የሚያበድር። አዋጅ 1147/2011ም ተንቀሳቃሽ ንብረት፣ ከብት ሳይቀር፣ መያዣ እንዲሆን ፈቅዷል። እነዚህ ለእኔ ከብዙ ስብሰባ የሚበልጡ ለውጦች ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት በሌላ አገር ስልክ ለኖረ ሰው ግን ሚዛኑ ከዜሮ ይጀምራል። ያም ሆኖ መብራትና መረብ ሲኖር ነው። ከነሐሴ 2015 ጀምሮ በክልላችን ኢንተርኔት በተዘጋባቸው ወራት የካርድ ማሽን ጎጃም ውስጥ ምን እንደሆነ የዚህ ገጽ አንባቢ አይጠፋውም።

አንድ ሐሳብ ላቅርብ፤ የባንክ ሰው ካነበበው ይሰማ። በየወሩ ከውጭ መንግሥት የሚገባ ጡረታ ከብዙ የአገር ውስጥ ደመወዝ ይልቅ የማይቋረጥ ነው። እሱን በባንኩ በኩል እንዲገባ አስገድዶ፣ የሁለት ወር መጠን ያህል በካርድ ማበደር ምን ይከብዳል? «ቢሞቱስ?» ይሉኛል። ደመወዝተኛስ አይሞትም? የጡረተኛው ተቀማጭ ዶላር ላይ ትንሽ መያዣ ማድረግም ይቻላል። ደንቡን የሚጽፈው ብሔራዊ ባንክ፣ ድፍረቱን የሚያመጣው ባንኩ ነው።

አጎቴ ግን ያን ሁሉ አልጠበቁም። ከቤታቸው በታች ያለችው ሱቅ ባለቤት አባታቸውን ያውቃል፤ የአባታቸውን ማሳም ያውቃል። ባለፈው ሳምንት ሄጄ ደብተሩን አየሁት። «ጋሽ አሜሪካ» የሚል ገጽ አለ፤ ዘይት፣ ስኳር፣ የስልክ ካርድ፣ ሁለት ኪሎ ሽሮ። ከጎኑ በእስክሪብቶ «ሦስተኛ ረቡዕ» ተብሎ ተጽፏል። ምንድን ነው ብዬ ጠየቅሁት።

«የአሜሪካ ጡረታ የሚገባበት ቀን ነዋ» አለኝ። «እስካሁን አንድ ረቡዕ አላሳለፉም።»