ዋና ከተማው ጎሬ የነበረ ጊዜ

ከመቱ ሚኒባስ ተሳፍራችሁ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትሄዱ ጎሬ ትደርሳላችሁ። ይቺ ከተማ በ1928 ለጥቂት ወራት የኢትዮጵያ መንግሥት መቀመጫ ነበረች።

ሚያዝያ ላይ ንጉሠ ነገሥቱ ሲሰደዱ መንግሥቱ ወደ ጎሬ ይዛወር ተባለ። ቢትወደድ ወልደ ጻድቅ አስተዳደሩን፣ ራስ እምሩ እንደራሴነቱን ያዙ። እኛ ሶፍትዌር ሠሪዎች ይህን ባክአፕ እንለዋለን። ግን ባክአፕ የሚሠራው ከሌላው ሁሉ ጋር ከተገናኘ ነው፤ ጎሬ አልተገናኘችም። የወለጋ ባላባቶች እንኳ እዚያው ጎሬ ባለው የእንግሊዝ ቆንስል በኩል የራሳቸውን ጥያቄ ለመንግሥታት ማኅበር አቀረቡ።

ችግሩ የገባቸው ነቀምት ላይ የተደራጁት ጥቁር አንበሶች ይመስሉኛል። ብዙዎቹ የሆለታ መኮንኖች ቢሆኑም ሊቀመንበራቸው የእንስሳት ሐኪሙ ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ ነበሩ። በሕጋቸውም ወታደሩ ለሲቪሉ ይታዘዝ አሉ። ማን ለማን እንደሚታዘዝ ጽፈው አስቀመጡ ማለት ነው። ሰኔ ላይ ቦነያ ያረፉትን የጣሊያን አውሮፕላኖች አቃጠሉ።

ግን ጊዜ አልነበረም። ራስ እምሩ ታኅሣሥ 1929 ጎጀብ ወንዝ አጠገብ እጃቸውን ሰጡ።

መቀመጫ ማዛወር በአንድ ትእዛዝ ያልቃል። መተማመን ግን ቀድሞ ካልተሠራ፣ በጭንቅ ቀን ከየት ይመጣል?