ዜና ፋሚኮም ወዜና ቴትሪስ

በ1975 ዓ.ም.፣ በዘመነ ሉቃስ፣ ሐምሌ 8 ቀን፣ በጃፓን አገር በኪዮቶ ከተማ የተቀመጠው የኒንቴንዶ ቤት ፋሚኮም የሚባል የጨዋታ መኪና ለገበያ አወጣ። ይህም በፈረንጆች ቆጠራ 1983 ነው። ዘመኑን ሁሉ በእኛ ቆጠራ እጽፋለሁ፤ ማመሳከር የሚወድ አንባቢ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ማለቂያ ገደማ 7፣ ከዚያ ወዲያ 8 ይጨምር። ቤቱ የቆየ ቤት ነበር። ፉሳጂሮ ያማኡቺ በ1882 ዓ.ም. ሲያቋቁመው ሃናፉዳ የተባለውን በአበባ ሥዕል ያጌጠ ካርታ ይሠራበት ነበር። ፋሚኮም በወጣበት ዘመን በወንበሩ ላይ የነበሩት ሂሮሺ ያማኡቺ ናቸው፤ የቅድመ አያታቸውን ቤት ገና በወጣትነታቸው ወርሰው ነበር። መኪናውን የነደፈው ግን ማሳዩኪ ኡዌሙራ የሚባል መሐንዲስ ነው። ይህን ዜና ለመጻፍ ያነሣሣኝም ይኸው ነው፤ የመኪናዎቹን ስም ልጅ አዋቂው ሲጠራው የሠሪዎቹን ስም የሚያስታውስ ጥቂት ነው።

በዚያ ወራት በአሜሪካ የቪዲዮ ጌም ገበያ ፈርሶ ነበር። ገናና የነበረው የአታሪ ቤት ያልተሸጡ የጨዋታ ካርትሪጆቹን በጭነት መኪና አስጭኖ በመስከረም 1976 ዓ.ም. በኒው ሜክሲኮ በረሃ፣ አላሞጎርዶ በምትባል ከተማ የቆሻሻ ጕድጓድ ውስጥ ቀበረ። ነገሩ ብዙ ዓመት ተረት ነው ሲባል ኖሮ በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. ጕድጓዱ ሲቆፈር ካርትሪጆቹ ከነማሸጊያቸው ተገኙ። በዓመት ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ ይሸጥ የነበረው ገበያ በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ 100 ሚሊዮን ገደማ ወረደ፤ ባለሱቆችም ቪዲዮ ጌም የሚባል ነገር እንዳይነሣባቸው አሉ። በጥቅምት 1978 ዓ.ም. የያማኡቺ አማች ሚኖሩ አራካዋ ኒው ዮርክ ላይ ሱቅ ለሱቅ የዞረው በዚህ ጊዜ ነው። የመኪናውን ስምና መልክ ለውጦ፣ ሮብ የሚባል ትንሽ ሮቦት አስከትሎ፣ ተራ መጫወቻ አስመስሎ አቀረበው። ያልተሸጠውንም መልሰን እንወስዳለን ብሎ ቃል ስለ ገባ ባለሱቆቹ እያመነቱ ተቀበሉት።

ከዚያ በፊት፣ መስከረም 3 ቀን 1978 ዓ.ም.፣ በዘመነ ማርቆስ፣ ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ የሚባለው የፋሚኮም ጨዋታ በጃፓን ወጥቶ ነበር። ሠሪው ሺጌሩ ሚያሞቶ በኪዮቶ አቅራቢያ በሶኖቤ የተወለደ፣ በልጅነቱ ጫካና ዋሻ ሲያስስ ያደገ፣ ትምህርቱም ፕሮግራም መጻፍ ሳይሆን የዕቃ ንድፍ የነበረ ሰው ነው። እሱና ታካሺ ቴዙካ የጨዋታውን ሜዳ ሁሉ በካሬ በካሬ በተሰመረ ወረቀት ላይ ይነድፉ ነበር፤ ፕሮግራመሮቹም ከወረቀቱ እያዩ ወደ ኮምፒውተር ይገለብጡት ነበር። ጠቅላላው ጨዋታ 40 ኪሎባይት ብቻ ነው። ቦታ ስለ ጠበባቸው ደመናውንና ቁጥቋጦውን በአንድ ሥዕል ሠሩት፤ ነጭ ሲቀቡት ደመና፣ አረንጓዴ ሲቀቡት ቁጥቋጦ ሆነ። ስንት ሰው ዓመታት ተጫውቶት ይህን ሳያስተውል ቀርቷል!

የመጀመሪያውን ሜዳ ደግሞ ተመልከቱ። ጨዋታው አንድም ቃል አይናገርም። የጨዋታው ጀግና ማሪዮ በግራ በኩል ይቆማል፤ ፊቱ ወደ ቀኝ ስለሆነ ልጁ ወደ ቀኝ ይነዳዋል። ጥቂት እንደ ሄደ አንድ ትንሽ ጠላት ይመጣበታል። ያልዘለለ ይሞታል፤ ሞቱም ገና ከመነሻው ስለሆነ ብዙ አያስቆጭም። የዘለለው ጠላቱ ላይ ያርፍና ይጨፈልቀዋል፤ ወይም በራሱ ከላይ ያለውን ሣጥን ይመታና እንጉዳይ ይወጣለታል። በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ልጁ መሮጥን፣ መዝለልን፣ ጠላት መርገጥንና ሣጥን መምታትን ተምሮ ጨርሷል። እኔ ከዚህ የተሻለ የአስተማሪ ሥራ በጨዋታ ዓለም አላየሁም። ዜማውን ያዘጋጀው ኮጂ ኮንዶም መኪናው የሚያወጣውን ጥቂት ድምፅ ይዞ ዓለም ሁሉ በፉጨት የሚያውቀውን ሙዚቃ ሠራ።

ከዚህም በኋላ የኪዮቶ ቤት በአሜሪካ ጽኑ ሕግ አወጣ። በመኪናው ውስጥ ቁልፍ የሆነ ቺፕ አኖረ፤ ቤቱ ያልፈቀደው ካርትሪጅ አይሠራም። ጨዋታ ሠሪ ኩባንያ በዓመት ከ5 ጨዋታ በላይ እንዳያወጣ ተከለከለ፤ ካርትሪጁንም የሚያመርተው ኒንቴንዶ ራሱ ሆነ፤ ሒሳቡ የሚከፈለው በቅድሚያ ነው። ገበያው ዳግመኛ በብልሹ ጨዋታ እንዳይጥለቀለቅ ያደረገው ይህ ሕግ መሆኑን አልክድም። ግን ኃይል ሁሉ በባለመኪናው እጅ ገባ። በጃፓንም ብዙ ኩባንያዎች ሠራተኞቻቸውን ሌላ ቤት እንዳይነጥቃቸው ብለው እውነተኛ ስማቸውን በጨዋታው መጨረሻ አላሳዩም፤ በቅጽል ስም ደበቋቸው። ይህ በደል ነበር፤ ብዙዎቹ እስከ ዛሬ ማን እንደሆኑ በውል አይታወቁም።

በእንግሊዝ አገር ነገሩ ሌላ ነበር፤ በዚያ ገበያውን የያዘው ካሴት ነው። ክላይቭ ሲንክሌር በ1974 ዓ.ም. ስፔክትረም የሚባል፣ ቁልፎቹ ከጎማ የሆኑ ርካሽ የቤት ኮምፒውተር አወጣ፤ ከፍ ያለው ዓይነት ማኅደሩ 48 ኪሎባይት ነው። ልጁ ቴፑን በሽቦ ከኮምፒውተሩ ያገናኛል፣ ሎድ ብሎ ያዝዛል፣ ካሴቱን ያጫውታል። ጆሮ የሚበሳ ጩኸት ይሰማል፤ የቴሌቪዥኑ ዳርና ዳር በቀለም መስመር ይርመሰመሳል፤ ሥዕሉ ቀስ በቀስ ይሞላል። ደቂቃዎች ከተጠበቁ በኋላ ካሴቱ ትንሽ ከተንሸዋረረ ሁሉም ይበላሻል፤ ወደ ኋላ አጠንጥኖ እንደገና መጀመር ነው። ነገር ግን ኮምፒውተሩ ገና ሲበራ ትእዛዝ ይጠብቅ ስለ ነበር ተጫዋቹ ልጅ ራሱ ጨዋታ መጻፍ ይችላል፤ ማንንም ማስፈቀድ አያሻውም። መንታዎቹ ፊሊፕና አንድሩ ኦሊቨር ዲዚ የተባለውን እንቁላል የሚመስል ጀግናቸውን በ1979 ዓ.ም. ያወጡት በዚህ መንገድ አድገው ነው። ዴቪድ ብሬበንና ኢያን ቤል ደግሞ ገና ተማሪዎች ሳሉ፣ በመስከረም 1977 ዓ.ም.፣ ኢሊት የሚባል የጠፈር ጨዋታ ቢቢሲ ማይክሮ ለሚባል ኮምፒውተር ሠሩ። እያንዳንዳቸው 256 ዓለም ያላቸው 8 ጋላክሲዎች ነበሩት፤ ማኅደሩ ግን ይህን ሁሉ የሚይዝበት ስፍራ አልነበረውም። ስለዚህ ዓለማቱን አላከማቹም፤ በቁጥር ቀመር በተፈለጉ ጊዜ እንዲወለዱ አደረጉ። የሲንክሌር የኮምፒውተር ሥራ በ1978 ዓ.ም. በ5 ሚሊዮን ፓውንድ ለአምስትራድ ተሸጠ። ኮሞዶር 64፣ አሚጋ፣ አታሪ ኤስቲ የሚባሉ ኮምፒውተሮችም በየቤቱ ገቡ፤ የእነሱ ዜና ብቻውን መጽሐፍ ይሆናል።

በ1980 ዓ.ም.፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ የካቲት 2 ቀን፣ ዕለተ ረቡዕ፣ ድራጎን ክዌስት 3 የሚባለው የፋሚኮም ጨዋታ በጃፓን ወጣ። ታሪኩን የጻፈው ዩጂ ሆሪ፣ ሥዕሉን የሣለው አኪራ ቶሪያማ፣ ዜማውን የደረሰው ኮይቺ ሱጊያማ ነው። በመጀመሪያው ቀን ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። ትምህርት ቤት ቀርተው ሰልፍ ላይ የተገኙ ወደ 300 የሚጠጉ ተማሪዎች በፖሊስ ተያዙ።

አሁን ወደ ሞስኮ እንሂድ። ከዚህ ዓመታት ቀደም ብሎ በሶቪየት ሳይንስ አካዳሚ የኮምፒውተር ማዕከል አሌክሴይ ፓዢትኖቭ የሚባል ተመራማሪ ነበር። የተሰጠው ኤሌክትሮኒካ 60 ሥዕል ማሳየት የማይችል፣ ፊደልና ምልክት ብቻ የሚጽፍ መኪና ነው። እሱም በቅንፍ ምልክት ጡብ እየሠራ ጨዋታ አወጣ። ሰባት ዓይነት ቅርጽ አለ፤ እያንዳንዱ ከአራት ካሬ የተገጠመ ነው። ከላይ ይወርዳሉ፤ ተጫዋቹ እያዞረ ያስተካክላቸዋል፤ አንድ መስመር ሳይጎድል ከሞላ ይጠፋል፤ ካልሞላ ክምሩ እያደገ ጣራ ይነካል። ቫዲም ገራሲሞቭ የሚባል የ16 ዓመት ልጅ ወደ አይቢኤም ኮምፒውተር አዛወረው፤ ከዚያ ወዲያ ያለ አንድ ሳንቲም ክፍያ ከዲስክ ወደ ዲስክ እየተገለበጠ ሞስኮን አዳረሰ፣ ቡዳፔስትም ደረሰ። ስሙም ቴትሪስ ተባለ።

በቡዳፔስት ሮበርት ስታይን የሚባል የለንደን ነጋዴ አየው። ወደ ሞስኮ ቴሌክስ ላከ፤ ውሉን ገና በእጁ ሳያስገባ መብቱን በእንግሊዝ ለሚረርሶፍት፣ በአሜሪካ ለስፔክትረም ሆሎባይት ሸጠ። ሚረርሶፍት የጋዜጣው ጌታ የሮበርት ማክስዌል ንብረት ነበር። መብቱ ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጠ አንዱ ወገን ወደ አታሪ ጌምስ፣ ሌላው ጃፓን ወደሚኖረው ሆላንዳዊ ሄንክ ሮጀርስ ደረሰ። ፈጣሪው በሞስኮ ደመወዙን እየተቀበለ ተቀምጧል፤ ከዚህ ሁሉ ንግድ ምንም አልደረሰውም።

በ1981 ዓ.ም.፣ በዘመነ ማቴዎስ፣ በወርኃ የካቲት፣ ሦስት ሰዎች ሳይነጋገሩ በአንድ ሰሞን ሞስኮ ገቡ፦ ስታይን፣ የማክስዌል ልጅ ኬቨንና ሮጀርስ። የሶቪየት ሶፍትዌር ወደ ውጭ የሚሸጠው ኤሎርግ በሚባል መንግሥታዊ ድርጅት ነው፤ ጉዳዩን የያዘውም ኒኮላይ ቤሊኮቭ ነበር። ሮጀርስ በቱሪስት ቪዛ፣ ያለ ቀጠሮ፣ በሩን አንኳኩቶ ገባ። የፋሚኮም ቴትሪስ ካርትሪጅ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ቤሊኮቭ ደነገጠ፤ ድርጅቱ ለእንዲህ ያለ መኪና ለማንም ፈቃድ አልሰጠም ነበር። ሮጀርስ አልተከራከረም፤ እስካሁን ለሸጥሁት የሚገባችሁን እከፍላለሁ አለ። ከፓዢትኖቭም ጋር በዚያው ተዋወቁ፤ ሁለቱም ጨዋታ ሠሪዎች ስለ ነበሩ ተግባቡ።

ከዚያም ቤሊኮቭ አንድ ብልህ ሥራ ሠራ። ስታይን እንዲፈርመው በሰጠው የማሻሻያ ውል ውስጥ ኮምፒውተር ማለት ፕሮሰሰር፣ ሞኒተር፣ የዲስክ ማጫወቻ፣ የፊደል ቁልፍና ኦፕሬቲንግ ሲስተም ያለው መኪና ነው የሚል ሐረግ አስገባ። የስታይን ሐሳብ ከክፍያ መዘግየት ቅጣቱ ላይ ስለ ነበር ሐረጉን ሳይመዝን ፈረመ። በዚያች መስመር የቤት ኮምፒውተር በአንድ ወገን፣ ከቴሌቪዥን የሚሰካው የጨዋታ መኪና በሌላ ወገን ሆነ። ሮጀርስም ኒንቴንዶ ሊያወጣው ለነበረው፣ ጌም ቦይ ለሚባለው የእጅ መኪና የሚሆነውን መብት ወሰደ፤ በመጋቢት አራካዋና ጠበቃው ሃዋርድ ሊንከን ሞስኮ ድረስ ሄደው የቴሌቪዥኑን መኪና መብት ፈረሙ። ሮበርት ማክስዌል እስከ ሶቪየቱ መሪ ጎርባቾቭ ድረስ አቤት አሉ ይባላል፤ ውሉ ግን አልተለወጠም።

አታሪ ጌምስ ቴንገን በሚለው ስሙ የራሱን ቴትሪስ በግንቦት አውጥቶ ነበር። ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ከኒንቴንዶ ጋር ሲሟገት ፋሚኮም የሚለው ስም ራሱ የቤተሰብ ኮምፒውተር ማለት አይደለምን ብሎ ተከራከረ። ዳኛዋ ፈርን ስሚዝ ግን በሰኔ ሽያጩ እንዲቆም አዘዙ። ካርትሪጆቹ በመጋዘን ቀሩ። ተጫውተው የሚያውቁ ሰዎች የቴንገኑ ይሻላል ይላሉ፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ይጫወትበታልና እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ። ሕጉ ግን ከኒንቴንዶ ጋር ነበር።

ሚያዝያ 13 ቀን 1981 ዓ.ም. የጉንፔይ ዮኮይ ጌም ቦይ በጃፓን ወጣ። ዮኮይ ያረጀና የረከሰ ቴክኖሎጂን በአዲስ ሐሳብ መጠቀም የሚል መመሪያ ነበረው፤ ስለዚህ መኪናው ቀለም የለው፣ የራሱ ብርሃን የለው፣ በአራት ትንንሽ ባትሪ ግን ብዙ ሰዓት ይሠራል። በአሜሪካ በ89.95 ዶላር ሲሸጥ ቴትሪስ አብሮት በሣጥኑ ውስጥ ነበር። ይህን የመከረው ሮጀርስ ነው፤ ማሪዮን ብትጨምሩ ልጆች ይገዙታል፣ ቴትሪስን ብትጨምሩ ሁሉም ሰው ይገዛዋል አላቸው። እንዳለውም ሆነ። የጌም ቦይ ቴትሪስ ወደ 35 ሚሊዮን ተሸጠ፤ እናቶችና ሠራተኞች በባቡር ላይ ሲጫወቱት ታየ።

በ1982 ዓ.ም. ደግሞ ጆርዳን ሜክነር ፕሪንስ ኦቭ ፐርዢያ የሚባል ጨዋታ ለአፕል 2 ኮምፒውተር አወጣ። ታናሽ ወንድሙን ነጭ ልብስ አልብሶ፣ ሲሮጥና ሲዘል በቪዲዮ ቀርጾ፣ እንቅስቃሴውን በየክፍሉ ገልብጦ ነው የልዑሉን አካሄድ የሠራው። ለጠላት የሚሆን ሥዕል ማኅደሩ ቢያልቅበት የልዑሉን የራሱን ጥላ ጠላት አደረገው። አፕል 2 እያረጀ ስለ ነበር መጀመሪያ ብዙ አልተሸጠም፤ ወደ ሌሎች መኪናዎች ሲዛወር ግን ስሙ ወጣ።

በ1983 ዓ.ም.፣ ኅዳር 12 ቀን፣ በእኛ አገር ኅዳር ሚካኤል በሚከበርበት ዕለት፣ የፋሚኮም ተተኪ የሆነው ሱፐር ፋሚኮም በ25,000 የን በጃፓን ተሸጠ፤ የመጀመሪያው 300,000 በጥቂት ሰዓት አለቀ። የፋሚኮም ዘመንም በዚህ ተፈጸመ።

የቴትሪስ ፈጣሪ ፓዢትኖቭም በፈረንጆቹ 1991 ወደ አሜሪካ ተሰደደ። የጨዋታውን መብት ለመንግሥት ለ10 ዓመት ለቅቆ ስለ ነበር ጊዜው እስኪያልቅ ጠበቀ። በ1988 ዓ.ም. ከሮጀርስ ጋር የቴትሪስ ኩባንያን አቋቋመ፤ ከጨዋታው ሽያጭ ድርሻውን መቀበል የጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። አንባቢ ሆይ፣ ልጅህ በስልኩ ጡብ ሲደረድር ብታየው አሌክሴይ ፓዢትኖቭ ሠራው በለው።