የሰንበት እንግዳ በአይሁድ ማዕድ

የኦሪት ሕግ በሰባተኛው ቀን ማንም ከስፍራው እንዳይወጣ ስላዘዘ፥ የአይሁድ መምህራን ቃሉን ተርጕመው ሰው በሰንበት ከሚያድርበት ከተማ ዳርቻ ከሁለት ሺሕ ክንድ በላይ እንዳይሄድ ወሰኑ። በግብረ ሐዋርያት ከደብረ ዘይት እስከ ኢየሩሳሌም ያለው ርቀት የሰንበት መንገድ ተብሎ መጠራቱም ከዚህ የተነሣ ነው። እንግዲህ ዓርብ ፀሐይ ስትጠልቅ በሰው አገር የደረሰ መንገደኛ ጕዞውን ሊቀጥል አይችልም፤ ገንዘብ ቢኖረው መግዛት፥ ዱቄት ቢይዝም እሳት አንድዶ መጋገር የተከለከለ ነው። ሕግ መንገደኛውን ካቆመው ዘንድ የሚያበላውንም ሊያዝለት ይገባ ነበር።

ይህም አልተዘነጋም። በ1913 ዓ.ም. (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) በኢየሩሳሌም አንድ የግሪክ ጽሕፈት ያለበት ደንጊያ ተገኘ፤ ብዙዎች ሊቃውንትም ቤተ መቅደሱ በ70 ዓ.ም. ከመፍረሱ አስቀድሞ የተቀረጸ ነው ይላሉ። ጽሕፈቱ፥ ቴዎዶጦስ የተባለ ካህንና የምኵራብ አለቃ ምኵራቡን ለኦሪት ንባብ፥ ከርሱም ጋራ ከውጭ አገር ለሚመጡ ችግረኞች ማደሪያና የውሃ ስፍራ እንደ ሠራ ይናገራል። በ200 ዓ.ም. ገደማ የተሰበሰበው ሚሽና የተባለው የሕግ መጽሐፍም ለሚዘዋወር ድኻ ቢያንስ አንድ ዳቦ እንዲሰጠው፥ ቢያድር የማደሪያው እንዲጨመርለት፥ ሰንበትን ቢውል ግን የሦስት ማዕድ ምግብ እንዲያገኝ ደነገገ።

ዓርብ ማታ አባ ወራው በወይን ጽዋ ላይ ቂዱሽ የተባለውን የሰንበት ምስጋና ያደርሳል። በ3ኛው መቶ ዓመት በባቢሎን የነበረው መምህር ሳሙኤል፥ ይህ ምስጋና ማዕድ ባለበት ስፍራ ካልሆነ አይጸናም ሲል አስተማረ። ታዲያ በምኵራብ ስለ ምን ይደርሳል ለሚለው ጥያቄ፥ በዚያ ለሚበሉ፥ ለሚጠጡና ለሚያድሩ እንግዶች ነው የሚል መልስ በታልሙድ ተጽፎ ይገኛል።

በቤት ውስጥም ለእንግዳው የተለየ ክብር ተሰጠው። ዓርብ ዓርብ ለወረደው እጥፍ መና መታሰቢያ የሚሆኑ ሁለት ዳቦዎች በጨርቅ ተሸፍነው ይቀርባሉ። ታልሙድ እንደሚለው፥ ዳቦውን የሚቈርሰው ባለቤቱ ነው፥ በልግስና እንዲቈርስ፤ ከምግብ በኋላ የሚባርከው ግን እንግዳው ነው፥ ባለቤቱን እንዲመርቅ። ስለዚህ ባዶ እጁን የገባው ሰው የሚከፍለው ምርቃት አለውና ዐንገቱን ሳይደፋ ይቀመጣል።

በኋለኛው ዘመን በጀርመን አገር የነበሩ የአይሁድ ማኅበሮች ለድኻ መንገደኞች ፕሌት የተባለች ወረቀት ይሰጡ ነበር። ወረቀቷን የያዘ ሰው የሚበላበትን ቤት አስቀድሞ ስለሚያውቅ ከደጅ ወደ ደጅ መዞር አላስፈለገውም።

ዘመን ሲለወጥ በምኵራብ የሚያድር እንግዳ ቀረ። በ1565 ዓ.ም. የታተመው፥ ስሙ የተሰናዳ ማዕድ ማለት የሆነው የዮሴፍ ካሮ የሕግ መጽሐፍ፥ በምኵራብ የሚደረገው ቂዱሽ ቢተው እንደሚሻል ጻፈ። ሆኖም በብዙ አገር ያሉ ማኅበሮች ልማዱን አልተዉትም። ዛሬም በነዚያ ምኵራቦች ዓርብ ማታ፥ ማዕድ ሳይኖር ጽዋው ይነሣል፤ በዚያ ያድር የነበረው መንገደኛ ከሄደ ብዙ መቶ ዓመት ቢያልፍም ድርሻው አልተነሣበትም።